የዓመቱ ጅኒ

ስለ ጅኒ የሚያወራ ሰው ሱቄ ከገባ «ሥራ አለብኝ» ብዬ የምሸኝ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮ፣ ቴፕና ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሰዉ «ሬዲዮዬ ብቻውን ይናገራል፣ የሆነ ነገር ሰፍሮበታል» እያለ ያመጣልኛል፣ እኔም ፈትቼ የተቃጠለውን ዕቃ አወጣና «ይኸው የሰፈረብህ» ብዬ በእጁ አስይዘዋለሁ። እናቴ ሙቅ ውሃ ስትደፋ ከታች ያሉት እንዳይቃጠሉ ብላ ቢስሚላህ ትላለች፣ «እማ፣ ከታች ያለው ጭቃ ነው» እያልኩ አናድዳት ነበር። እመኑኝ፣ እንደዚያ ያለ ደረቅ ነበርኩ፣ አሁን ምን እንደሆንኩ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ነገሩን ያመጣችው ራህመት ናት። ራህመት የሰፈራችን ልጅ፣ ያኔ ደሴ ኮሌጅ የምትማር፣ ድራማ ካልሠራች የሚያማት ዓይነት፣ አንድ ክረምት ለዕረፍት መጣችና «መድረክ ሰልችቶኛል፣ ተመልካች የሌለው፣ ሁላችንም ገብተን የምንፈራበት ድራማ እንጫወት» አለች። ጨዋታው ቀላል ነው፣ እኛ ወደ ባቲ ስንሄድ የመሸብን ነጋዴዎች እንሆናለን፣ አንድ ሰው ጅኒ ይሆናል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው በተተወው ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ አሞሌ ጨው ይደበቃል፣ ጅኒው ሳይነካን ጨዉን አግኝተን መውጣት ነው። የተነካ ሞቷል፣ ደጅ ያለው ዋርካ ሥር ሄዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መከላከያችን ሚስማር ነው፣ ጅኒ ብረት ይፈራል ስለሚባል ሚስማር ያሳዩት ጅኒ ባለበት ቁጭ ማለት አለበት። መጀመሪያ ባጃጅ የሚነዳው ሰይድ «ቢስሚላህ ስንል ይቀመጥ» ብሎ ነበር፣ ራህመት ግን «በሱማ አይቀለድም!» ብላ ተቆጣች፣ ሚስማር የመጣው በዚህ ነው። ደግሞ መግሪብን ሰግደን ነበር የምንጀምረው፣ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ወደ ቤት በሚሰበስቡበት ሰዓት እኛ ጢማም ጎረምሶች ወደ ፍርስራሽ እንሄዳለን፣ ምን ያላሉን ነገር አለ!

የእኔ ሥራ ድምፅ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቴፕ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ስፒከሩን በግድግዳው ቀዳዳ አስገብቼ የበር ሲጥታ፣ የአህያ ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ እለቅባቸዋለሁ። ከዚያ ቦታ ንቅንቅ አልልም፣ ብነቃነቅ ሽቦው ይወጣል።

አሁን ሁሴንን ላስተዋውቃችሁ። ሁሴን አብሮ አደጌ ነው፣ ልጅ ሆኖ ጨፋ ማሽላ ውስጥ ጠፍቶ ካደረ ወዲህ ጨለማ የማይችል ሰው፣ ጎልማሳ ከሆነም በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ የሚከተት። አባቱ ሞቷል፣ እናቱና እህቶቹ እጁን ያያሉ፣ አጎቱ ደግሞ አይሱዙ አለው፣ ከጨፋ ሮቢት እህል እየጫነ ለባቲ የሰኞ ገበያ ያደርሳል፣ መንገዱም የማታ ነው። ሁሴንን ረዳት ሊያደርገው አስቦ ነበር፣ ግን «ሽንት ቤት ለመሄድ እህቱን የሚቀሰቅስ ረዳት ምን ያደርግልኛል? መስከረም ሳያልቅ ሰው ካልሆነ ሌላ ልጅ እይዛለሁ» ብሎ ቆርጦ ነገራቸው። ሁሴን ሱቄ መጥቶ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እኔም ነገር ያወቅሁ መስሎኝ «በቃ የክረምቱን የመጨረሻ ጨዋታ ጅኒው አንተ ሁን፣ ጅኒውማ አንተው ከሆንክ ማንን ትፈራለህ?» አልኩት። ምን ምርጫ አለው፣ እሺ አለ።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል፣ ቦርከና ሞልቶ ከሩቅ ይሰማል። ሁሴን እንዲከናነበው የእናቴን ነጭ ነጠላ ከነእጥፋቱ ከሣጥን አውጥቼ ሰጠሁት፣ በማሽላው በኩል ዞሮ በጎን በር እንዲገባ ተስማማን። «ከማል፣ ልቤ ሊወጣ ነው» አለኝ። «አብሽር፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አልኩትና ቦታዬ ተቀመጥኩ።

ነጋዴዎቹ ገቡ፣ ሳቃቸው ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ካሴቱን ለመገልበጥ ቴፑን አጠፋሁት፣ ልብ በሉ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ በዚያ መሐል ከግድግዳው ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲዞር ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ እህል እየፈጨ። የዚያ ወፍጮ ድንጋይ ተነቅሎ ከተሸጠ ቆይቷል። የከተማውን ወፍጮ ንፋስ አመጣው አልኩ፣ ሙያዬ ድምፅ አይደል፣ ድምፅ እንዴት እንደሚያታልል አውቃለሁ። ቀጥሎ የዱቄት ሽታ መጣ፣ አሁን ከወፍጮ የወጣ፣ ያልበረደ የማሽላ ዱቄት። ይሄን ንፋስ ያመጣዋል? እግሬ አላርፍ ብሎኝ መሬቱን ይመታል፣ ሽቦውን እነካካለሁ፣ ባትሪውን እነካካለሁ፣ ቴፑን መልሼ መክፈት ግን አልቻልኩም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በግድግዳው ስንጥቅ ሳይ ነጭ ነገር አለፈ። ረዘም ብሎ ታየኝ፣ ቢሆንም ደስ አለኝ፣ ጎበዝ ሁሴን አልኩ በልቤ። ነጩ ነገር ተመልሶ መጣና ስንጥቁ ፊት ለፊት ቆመ፣ የሚያየኝ መሰለኝ፣ ግራ ገብቶት ነው ብዬ «ወደ ሰይድ ሂድ» ብዬ አንሾካሾክኩ። ሄደ። ወዲያው የሰይድ ጩኸት ቤቱን ሞላው፣ የራህመት ተከተለ፣ ሁሉም እየተጋፉ በር ሰብረው ወጡ፣ ጨዉን ያስታወሰም የለም።

ሁሴን መጨረሻ ላይ ከማሽላው ውስጥ ወጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ነጠላውን በብብቱ ይዞ። ልጆቹ ተሸከሙት፣ «አንተ ሰይጣን! የት ነበር ተደብቀህ የኖርከው!» እያሉ። እሱ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኛም ኩራት ነው አልን።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ራህመት ቤት ማንጎው ሥር ተሰበሰብን፣ የሽልማት ቀን ነው። ዋንጫዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ በተቃጠለ ስፒከር ላይ አጣብቄ ቢጫ ቀለም ቀብቼ። ራህመት የአባቷን ኮት ለብሳ እንደ ባለሥልጣን እያሳለች ትጠራለች፣ «ከሞተ በኋላ ብዙ ያወራ» የሚለውን ሰይድ ወሰደ፣ ዋርካው ሥር ሬሳ ሆኖ ተቀምጦ የነዳጅ ወረፋ ሲያማርር ስለሚያመሽ። «በጩኸቷ የሰው በሬ ያስበረገገች» ተብላ ራሷ ራህመት ተሸለመች፣ የበሬው ባለቤት እውነትም ቤቷ ድረስ ለአቤቱታ መጥቶ ነበር። ለእኔ፣ ድምፁ መሐል ላይ ስለተቋረጠ፣ «ካሴቱን ቴፕ የበላበት ባለሙያ» ሰጡኝ። ሆዳችንን ይዘን ስቀናል።

«አሁን ዋናው!» አለች ራህመት፣ «የዓመቱ ጅኒ!» ሁሉም በአንድ አፍ «ሁሴን!» አሉ።

«ወላሂ ሁሴን» አለ ሰይድ፣ «ሚስማር ሳሳይህ ቁጭ በል እንጂ! እጅህን ዘርግተህ ከመዳፌ ላይ ወሰድክብኝ፣ እጅህ ደግሞ ይፋጃል፣ አሞህ ነበር እንዴ?»

«ሕግ ጥሰሃል» አለች ራህመት፣ «እኔንም በመስኮት እንዲያ ዝም ብለህ ስታየኝ ሚስማር አሳይቼሃለሁ፣ አልተቀመጥክም። ግን ምን ላድርግ፣ ይገባሃል፣ ና ውሰድ።»

ሁሴን ተነሥቶ ወሰደ። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ፣ ሳቀ፣ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ ወንድሜ ያገባ ያህል ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት አብረን ስንሄድ፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ነጠላውን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። «ንጹህ ነው፣ እጥፋቱንም አልፈታሁት» አለኝ። አልገባኝም። «ከማል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገላቶሚ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። እኔ እኮ አልገባሁም። ማሽላው ውስጥ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነው ያለፈው። ስሜ እንዳይጠፋ ብለህ ቴፑን ትተህ አንተ በእኔ ቦታ ገባህልኝ፣ ይህን ውለታ በምን እከፍላለሁ?»

እግሬ ቆመ። ነጠላውን አየሁት፣ የሣጥኑ እጥፋት እንዳለ ነው፣ የእናቴ የሽቶ ሽታም እንዳለ ነው። እኔ ከባትሪዬ አጠገብ አልተነሣሁም፣ ሌላ ጅኒ አልነበረም፣ ነጋዴዎቹ ሁሉ ጨርቃቸው የሚታወቅ ነው። «እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ከፈትኩ፣ እሱ ግን አላቆመም፣ «ለካ ጅኒ ስል የኖርኩት ከማል ነው!» እያለ ይስቃል፣ «ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት፣ እነ ሰይድ ሱሪያቸው ላይ ሊሸኑ የደረሱት ከማልን ፈርተው ነው፣ እኔም ዕድሜ ልኬን የፈራሁት እንዲህ ያለውን ነው። አለቀ። እሁድ ከአጎቴ ጋር እወጣለሁ፣ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «አብሽር» አልኩት።

ሁሴን ረዳት ሆነ፣ ቆይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ አጎቱ ሲያረጅ መኪናውን እሱ ያዘው። እህቶቹን ዳረ፣ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ጨለማ እንደ ቀን የሚሄድበት ሰው ሆነ። እኔ ደግሞ መግሪብ ሳይደርስ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ሙቅ ውሃ ስደፋም ቢስሚላህ እላለሁ፣ እናቴ ሰምታ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሰው ሆነ» ትላለች፣ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ከወራት በፊት ሁሴን እንደ ልማዱ «አካም ጂርታ ጅኒው!» እያለ ሱቄ ገባና «ሰውዬ፣ ቀልድህን ባቲ ድረስ ወሰድከው?» አለኝ። ወደ ባቲ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነጭ ለብሼ መንገድ ዳር ቆሜ አይቶኝ ጥሩምባ ነፍቶልኛል። ደክሞህ ነው፣ ተኛ አልኩት። ሌላ ጊዜ መጥቶ «ዛሬስ እጅህን አወዛወዝክልኝ» አለኝ። በምን መኪና ሄጄ፣ መቼ ተመልሼ፣ ምን ልሠራ? ይህን አይጠይቅም፣ ከማል ቀልደኛ ነው፣ በቃ። ማታ አልተኛም፣ ተነሥቼ በር አያለሁ፣ መቀርቀሪያውን እነካለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ፣ መልሼ እነሣለሁ።

እውነቱን ብነግረውስ እላለሁ። ግን እህል የሞላ መኪና ይዞ በዚያ ቁልቁለት ላይ ያ የድሮ ፍርሃቱ ቢመጣበት፣ መሪው ከእጁ ቢወጣ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብልስ?

ባለፈው ሰኞ ከባቲ ሲመለስ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ሻይ አዘዘ። እኔም አልቻልኩም፣ «ሁሴን፣ እባክህ አታቁምለት» አልኩት።

«ለማን?»

«ለ... ለእኔ። መንገድ ላይ ካየኸኝ፣ ለእኔ አታቁም።»

ከት ብሎ ሳቀ፣ ሻዩን ሊደፋው ነበር። «አይ ከማል! ትናንት ማታ ቆሜልህ አልነበር እንዴ? በሩን ከፍቼ ‹ግባ እንጂ ብርድ ነው› ስልህ፣ ጠጋ ብለህ ‹ዛሬ አይደለም፣ ሂድ› አልከኝ፣ በዚችው በራስህ ድምፅ። እኔ እኮ እስከ ባቲ ስስቅ ነው የወረድኩት!» ትከሻዬን መታ አድርጎ ወጣ፣ ጥሩምባውን ነፋልኝና ሄደ።

ዛሬ እሁድ ነው። መግሪብ አዛን አሁን አለ፣ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ ተቀምጫለሁ፣ ሁሴን ጭነቱን ይዞ ወደ ባቲ እየወረደ ነው። ሁሉንም ልነግረው ወስኜ ስልክ መታሁለት፣ ተሳስቼ እንደሆነ አላህ ይወቅልኝ። ይጠራል፣ አያነሣም፣ ደግሜ እመታለሁ፣ ይጠራል።