በሩ ድረስ የሄደ ኮቴ

«ይቁሙ! እግርዎን እንዳያነሱ!»

አንዱን አንስቼው ነበር። የረጠበ መወልወያ ይዤ በአንድ እግሬ ተገትሬ ቀረሁ። ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ወጥቶ፣ ረጅም ወረቀት እየጎተተ ይሮጣል።

«እርስዎ ነዎት!» አለኝ እያለከለከ።

«እኔ ነኝ። ማን መስሎህ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፈልግዎት!»

እስቲ ፍረዱኝ። የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለገኝ ወንድ ከየት አምጥቼ! ልቤ ደነገጠች ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ሲዘረጋው ደሜ ነው የፈላው። የሚንቀጠቀጥ ጥቁር መስመር ነው።

«ይሄ የወለሉ መንቀጥቀጥ ነው። ይዩት... ከባድ፣ ቀላል፤ ከባድ፣ ቀላል። በየጠዋቱ ይመጣል። ምን ዓይነት ማሽን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ማሽን አይደለም!»

ግራ እግሬ በልጅነቴ ተሰብሮ አጥሮ ነው የገጠመው።

«አንካሳ መሆኔን በወረቀት ልታሳየኝ ነው እንዲህ የሮጥከው?»

ፊቱ ደም መሰለ። ይቅርታ እየጠየቀ ወረቀቱን ጠቀለለና ቀና ሳይል፣ «ደስ የሚል አረማመድ ነው፤ አይዛባም» አለ።

ባልዲዬን አንስቼ ጥዬው ሄድኩ። በማግስቱ ግን ጸጉሬን አበጥሬ ገባሁ።

መሥሪያ ቤቱ የተመራማሪዎች ነው። ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ማዕበል ያዳምጣሉ፤ በጣም ደካማ ከመሆኑ የተነሳ የሰው ኮቴ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጽዳት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ብቻ ነው፤ እሱም መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ኮሪደሩ የገባ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የገባባትን ደቂቃ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ የወለሉ መንቀጥቀጥ የተቀረጸበት የወረቀት ጥቅልል ሳይከፈት መጋዘን ይገባል።

እኔ ደግሞ መጻፍ አልችልም ነበር። ይኸው ተናገርኩት። ያኔ ምላሴን ቢቆርጡት አልናገርም። ከኔ በፊት የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ በመጨረሻ ቀኗ ስሜን፣ የምገባበትንና የምወጣበትን ሰዓት በአንድ መስመር ጽፋልኝ ምስጢሬን ይዛ ሄደች። ቀኑ ገጹ ላይ ታትሟል። እጄ ጥልፍ የለመደ ነው፤ ያየሁትን እገለብጣለሁ። ያችኑ መስመር በየጠዋቱ እየገለበጥኩ ዓመት ሞላኝ። እሱም እያየ፣ «እንዴት ያለ የእጅ ጽሕፈት ነው!» ይለኝ ነበር። ደስ እያለኝ አፍር ነበር፤ እያፈርኩም ደስ ይለኝ ነበር።

የጽዳት ሰዎች «ባለጉድጓዱ» እንለዋለን፤ ሥራው ስለ ጥቁር ጉድጓድ ነውና። ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት ነገር ነው አሉ። አንድ ቀን ባልዲዬ ውስጥ ሁለት ቡሽ ጥሎ በጣቱ አዞራቸው።

«ሁለቱ ጉድጓዶች እየተዟዟሩ ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። ማዕበሉን የሚልኩት ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ ብቻቸውን እንደሚዞሩ አድርጎ ያሰላል። እኔ ግን ዙሪያቸውን ጋዝ ከቧቸዋል፣ ይጎትታቸዋል ነው የምለው። ማዕበሉ ላይ ምልክቱን ካገኘሁት...»

«ጎረቤት አላቸው በለኛ!» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ለሌላ ሰው ሲያስረዳም «ጎረቤቶቹ» ማለት ጀመረ።

መጽሐፍም አበደረኝ። ትራሴ ሥር ሁለት ሳምንት አሳደርኩት።

«እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። መጨረሻው ግን አላማረኝም።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት!» ብሎ እጄን ያዘኝ። አልለቀቀኝም። «አንቺ ልበልሽ?»

«ብለኸኛል እኮ።»

«እንግዲያው አግቢኝ።»

አፌ መቼ ይከዳኛል?

«ላስብበት። ጉድጓዶችህ ስንት ዓመት ነው የሚዟዟሩት?»

«ሚሊዮን ዓመት።»

«ከነሱ እፈጥናለሁ።»

ፈጠንኩም። በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም፣ ሌላኛው ፎቅ ላይ መስኮት ስወለውል ጨርቁን ወርውሬ ወረድኩ። እሺ ልለው ነው። ኮሪደሩ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የትኛዋ ሴት ናት እሺታዋን እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት የምታሳድረው? መዝገቡን አልፌ ሄድኩ። ያን ሰዓት እንዴት እንደሚጻፍ ማን አሳይቶኝ!

የክፍሉ በር ጋ ደርሼ እጄን ላንኳኳ ሳነሳ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ወለል የምትወለውል ሴት ልታገባ? አብደሃል?»

«ምን መሰለችህ፣ መሃይም?» አለ የኔ ሰው፣ ተቆጥቶ። «ሂድና መዝገቡን እይ! እኔ ያበደርኳትን መጽሐፍ አንብባ የተቸችውን አንተ አትችለውም!»

መሃይም። ቃሏ ከሱ አፍ ወጣች። ለኔ ሲሟገት ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ የወደዳት ሴት እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፍ ያነበበችው ናት።

እጄ በአየር ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ተመለስኩ፣ እየፈጠንኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሸሸሁት። «አሰብሽበት?» ሲለኝ «ገና» እለዋለሁ። በአሥረኛው ቀን እየሮጠ መጣ።

«ጎረቤት አላቸው! አየኋቸው! በቅርቡ የያዝነው ማዕበል ላይ ምልክታቸው አለ!»

እንባው ይወርዳል። አሥራ አንድ ዓመት የፈለገው ነገር ነው። ማዕበሉ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ነገረኝ። ያች ቀን ናት። ያች ሰዓት ናት።

ሌላ አገር ያለ ማሽን ማዕበሉን ሰምቷል፤ የጋዙን ምልክት ግን አልሰማም። ስለዚህ ጥያቄ ተነሣና ኃላፊው ስብሰባ ላይ አስጠራኝ።

«ያን ቀን አምስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ነበርሽ?»

ባለጉድጓዱ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «መዝገቡ አለ እኮ! ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትዘል የጻፈች ሴት ናት። በእጅ ጽሕፈቷ ስሜን አስይዛለሁ!»

ሁሉም አዩኝ። ዝም አልኩ። ምን ማለት እችል ነበር?... ብዙ ነገር እችል ነበር።

በሳምንቱ ባለጉድጓዱ መወልወያ የማስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ድረስ መጣ። ባልዲዬን ገልብጦ ተቀመጠ። ብብቱ ሥር ጥቅልል ይዟል።

«መጋዘን ወርጄ ራሴ ከፈትኩት» አለ። «ከባድ፣ ቀላል፤ ከባድ፣ ቀላል... እስከ ክፍሌ በር ድረስ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከዚያ ይመለሳል። ማዕበሉ የደረሰው ያኔ ነው። ጋዝ ያልኩት... አንቺ ነሽ።»

«መዝገቡን እይ።»

«አየሁት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አንድ ደቂቃ ፈቀቅ አይልም። ሰው እንደዚያ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ሥራው አይደለም የመጣሁት። እሱ አንዴ ሄዷል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ክፍሌ በር ድረስ ስትመጪ፣ ልትዪኝ የነበረው እሺ ነው እምቢ?»

እሺ ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ለምን ተመለስሽ ይለኛል። ለምን እንደተመለስኩ ብነግረው ያችን ቃል በራሴ አፍ ልጠራት ነው። ዓይኔን በጨው አጠብኩ።

«አልመጣሁም።»

«ኮቴሽን አውቀዋለሁ እኮ።»

«ሌላ አንካሳ ፈልግ!»

እንደ ፊተኛው ፊቱ ደም አልመሰለም። ነጣ። ጥቅልሉን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«እሺ» አለ። «አልመጣሽም።»

ስለ ጎረቤቶቹ ለኅትመት የላከውን ጽሑፍ አሰረዘ። ምን ብሎ እንደጻፈ ጸሐፊዋ ነገረችኝ፤ «ጥቅልሉን ሳልከፍት መዝገቡን ያመንኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የኔ ብቻ ነው።» ስሜ የለበትም። ኃላፊው በየስብሰባው ሳቀበት። በወሩ ሌላ ከተማ የማስተማር ሥራ አግኝቶ ሄደ። የመጨረሻ ቀኑ ካርቶኖቹን ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ደህና ይሁኑ» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። ይኼ ነው የገደለኝ።

ከዚያ ወዲያ ወንድ አላየሁም። አላዝንም ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር ሰሚው ያምነኛል። ጡረታ ወጣሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ለምን ለዚህ ዕድሜ ብለው የሳቁብኝን ተሳድቤ ዝም አሰኘኋቸው። ሳይገለብጥ እጄ የጻፈው የመጀመሪያው መስመር ይኼ ነው፤

«ያን ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ገብቻለሁ። መጻፍ ስለማልችል አልጻፍኩም። እሺ ነበር።»

አድራሻውን ከመሥሪያ ቤቱ ለምኜ አገኘሁ፤ ልመና የማላውቀው እኔ። ላክሁት። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ፤ ትልቅ ፖስታ ነው። የጻፈችው ሚስቱ ናት።

«እናቴ፣ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። የላኩትን አንብቤ አልገባኝም፤ ግን ይህ ወረቀት የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም። ሃያ ዓመት የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ምንድን ነው ስለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ይለኝ ነበር። የት አገር የደረሰ ነው ስለው ደግሞ፣ ትንሽ ነው፣ ማንንም አልጎዳም ይለኛል።»

ጥቅልሉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። እሱ እንዳስተማረኝ አነበዋለሁ። ከባድ፣ ቀላል፤ ከባድ፣ ቀላል። ከዚያ ሁለት ጣት የምታህል ጸጥ ያለች መስመር አለች፤ በሩ ላይ የቆምኩባት ናት። ባንኳኳ ኖሮ እዚያ ላይ ይታይ ነበር። አንዲት ትንሽ ቅንጣት ብትሆንም ይታይ ነበር።

በማጉያ መነጽር ሳይቀር ፈልጌያታለሁ። ምንም የለም።