ከመርዶው በፊት የጠፋ መብራት

አቶ ገብረጻድቅ ታቦር ተራራ ሥር ካለው ቤታቸው የበረንዳ ደረጃ ግርጌ ሞተው የተገኙት ንጋት ላይ ነው። ጭንቅላታቸው የደረጃውን ድንጋይ ጠርዝ መትቷል። ኢንስፔክተር ደብሪቱ አጎንብሳ ስታይ ከደሙ ይልቅ ዓይኗን የያዘው ጫማቸው ነበር። የክት ጫማቸውን ግራና ቀኙን አቀያይረው አጥልቀውታል። ከልብ ሕመም ገና ያገገሙ ሽማግሌ በጨለማ፣ በጥድፊያ ለባብሰው ወዴት ሊሄዱ ነበር?

ሬሳው ሳይነሣ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ገቡ። ሬሳውን ሲያዩ ግን ክው ብለው ቀሩ። ደብሪቱ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«መጨረሻ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት?» ስትል የሟቹን ታናሽ ወንድም አቶ ሽፈራውን ጠየቀች።

«አዎ። ስወጣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጋሼ ሳሎን ቁጭ ብሎ በላፕቶፑ ብርሃን ያነብባል። ደህና እደር ብዬው ሄድኩ።»

«መብራቱስ መቼ መጣ?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

ቀጥላ ያነጋገረችው ተከራይዋን ሙንተሃን ነው፤ መሃል ከተማ ኮምፒውተር ትጠግናለች።

«ቻርጀራቸው ጠፍቶባቸው ማታ የእኔን ተዋሱኝ» አለች ሙንተሃ። «ልጃቸው በረከት ጂንካ ነው ያለው። ስልኩን አላነሣ ብሏቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቁ ነበር።»

የበረከት ስም ሲነሣ እህቱ ሃሴት አፏን በእጇ ይዛ ወጣች።

ደብሪቱ ላፕቶፑን ከፍታ መጨረሻ የታየውን ገጽ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቻርጀሩን ብትነቅለው ወዲያው ድርግም አለ።

«ባትሪ አልተገኘም ይላል» አለች ሙንተሃ መልሳ ሰክታ። «ባትሪው እኮ አዲስ ነው፣ እኔው ነኝ የቀየርኩላቸው!» አጥፍታ ባትሪውን አወጣች፤ ማብሪያውን ተጭና ቆየችና መለሰችው። ያው ነው። እንደገና አውጥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። «ይኸው! ማገናኛው ላይ ስስ ፕላስተር ተለጥፏል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የሰው እጅ ነው።»

ደብሪቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ከእናንተ ልጀምር፣ አባቶቼ። የዚህን ቤት ሞት ሳትሰሙ ለሐዘን ለብሳችሁ መጣችሁ። ለሌላ ሞት ነው እንግዲህ።»

ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። «በረከት መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። የአባቱ ልብ እስኪጠና ተደብቆ፣ መርዶውን ዛሬ ልንነግረው ነበር።»

ሙንተሃ ጮኸች። ከአፏ እንዳያመልጣት ብለው ለእሷም ደብቀዋት ነበር። መርዶ መደበቅ ላይ ማን ይችለናል!

«ሃሴት፣ አባትሽ ኢንተርኔት ላይ እንዳያዩት ፈራሽ።»

«ቻርጀሩን ደበቅኩ» አለች ሃሴት። «ባትሪውን ባወጣው ይነቃብኛል። ተበላሸ ብሎ እንዲተወው ፕላስተር ለጠፍኩበት። ለአጎቴም አልነገርኩት።»

ደብሪቱ ወደ አቶ ሽፈራው ዞረች። «ስላልነገረችዎ ነው የተሳሳቱት። ባትሪው የማይሠራ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አየሁት ያሉት ብርሃን አልነበረም። ወንድምዎ በተዋሱት ቻርጀር ከፍተው የልጃቸውን ፎቶ፣ ከሥሩም "ነፍስ ይማር" የሚለውን አዩ። ገጹ አሁንም አለ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጫማቸውን በዳበሳ አጥልቀው ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ሲነሡ እርስዎ እዚሁ ነበሩ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ወጣሁ ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

አቶ ሽፈራው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ልጄን አፈር እንኳ እንዳላለብሰው ደበቃችሁኝ አለኝ። ክንዱን ያዝኩት፣ መነጨቀኝ። ተቀመጥ ብዬ ገፋሁት... በረንዳው ላይ ነበርን። ጨለማ ነው፣ ደረጃው መቅረቡን አላየሁም። ብጠራው ዝም አለኝ። ፈርቼ ሸሸሁ።»

ደብሪቱ ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ይህን ሥራ የምትጠላው እንደዚህ ባለው ቀን ነበር።

ሃሴት ፕላስተሩን በጥፍሯ ልጣ ባትሪውን መለሰችው። ላፕቶፑ ያለ ቻርጀር በራ።

«አጎቴ፣ ይሄ ማታ በርቶ ቢሆን ደረጃውን ታዩት ነበር?»

አቶ ሽፈራው በሩ ላይ ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«በይ ልጄ፣ አሁን የሚደበቅለት ሰው የለም» አሉ ቀስ ብለው።

ሃሴት ያን ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሆዷ አፍና የያዘችውን የወንድሟን ስም ጠርታ ጮኸች።