አሥራ አራት ቁጥር መርፌ

የሠፈሩ ሰው «መቀስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ምላሷን ቀምሶ የሄደ ደንበኛ ነው። እሷም «ልብስ ሰፊን መቀስ ማለት ምኑ ስድብ ነው?» ብላ ሳቀችበት፤ ስሙ እንደዚያው ቀረ። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የሄደችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረቻት የስፌት መኪናዋ ናት። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቃል እስክትናገረው ድረስ ያየችውን አበሳ ነው የምነግራችሁ።

አባቷ ሲሞቱ ከሣጥናቸው ሥር አሥራ አንድ ሸክላ ተገኘ። የጭቃው ሸክላ አይደለም፤ ዘፈን የሚቀዳበት፣ ጥቁሩ፣ እንደ ሰሃን ክብ የሆነው ነው። ማጫወቻው ድሮ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ዓመት ሙሉ ሸክላዎቹን ግድግዳ አስደግፋ ስታያቸው ኖረች። ውስጡ ድምፅ እንዳለ እያወቁ ዝም ያለ ነገር ማየት፣ ካኮረፈ ዘመድ ጋር አንድ ቤት እንደመኖር ነው። አንድ ቅዳሜ «በቃ!» አለችና ከሱቋ ሦስት በር አልፎ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ገባች።

ጠጋኙ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ብሎን ሲፈታ ምላሱን በጥርሱ ነከስ ያደርጋል። ለዓመታት በመንገድ «ደህና አደሩ» ይባባላሉ እንጂ ወሬ አውርተው አያውቁም።

መደርደሪያው ላይ ሁለት ማጫወቻ ነበር። አንዱ ቀይ ሻንጣ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው የእንጨት ሣጥን ላይ የተቀመጠ፣ ከባድ፣ አሮጌ፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ።

«ቀዩን ይስጡኝ» አለች።

«እሱን እንኳን አልመክርዎትም።»

«ምን ሆኖ?»

«መርፌውን የሚይዘው ክንዱ ይከብዳል፤ ማቅለያ የለውም። ድምፅ ማጉያውም እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ራሱ ሲጮህ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌውም ይዘላል። ይሄ አሮጌው መልክ የለውም፤ ጠባዩ ግን ጥሩ ነው።»

«የቀዩን ስፌት አይተውታል? ዳር ዳሩ ድርብ ነው። ውጪውን እንዲህ የሰፋ ሰው ውስጡን አያበላሽም።»

«ውጪውን የሰፋውና ውስጡን የሠራው እኮ አንድ ሰው አይደለም።»

«እኔ የማምነው ዓይኔ ያየውን ነው!»

ተሸክማው ወጣች። በአምስተኛው ቀን ተሸክማው ተመለሰች፤ ያውም ሠፈርተኛው እንዳያይባት ትልቅ የገበር ጨርቅ ጣል አድርጋበት።

ጠጋኙ ከሥራው ቀና ሳይል «ዘለለ?» አላት።

«ዘለለ። ደግሞ "ብዬሽ ነበር" እንዳትል!»

«አንተ» ማለቷን የሰማችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እሱ ግን ብሎን መፍቻውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳያት። «አልልሽም» አለ። አንተና አንቺ የተባባሉት እንዲህ ሆነው ነው።

እሁድ ከሰዓት አሮጌውን ተሸክሞ ከሱቋ ጀርባ ወዳለው ክፍሏ መጣ። ታናሽ እህቷም ነበረች፤ የምታየውን ሁሉ ለሠፈር ለመንገር የተፈጠረች ሴት ናት።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀመጠ። አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። መቀስ ምንም ሳትባል የካንቫስ ቁራጭ አራት ቦታ አጥፋ ከጠረጴዛው እግር ሥር ከተተች። አረፋዋ መሐል ገብታ ቆመች። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያዎቹን ከጠረጴዛው አርቆ፣ ለየብቻ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የክንዱን ጭራ ክብደት ቀስ እያለ አዞረው፤ ክንዱ እንደ ሚዛን አየር ላይ ተንሳፈፈ።

«አሁን ትንሽ ክብደት እንጨምርለታለን» አለ። «ከቀለለ ይዘላል፤ ከከበደ ይቆፍራል።»

«የክር ውጥረት በለኛ! ከላላ ይንጨበረራል፤ ከጠበቀ ይበጠሳል።»

ቀና ብሎ አያት። ቶሎ ዓይኑን አልነቀለም። «ሃያ ስምንት ዓመት ስጠግን እንዲህ አድርጎ የገባው ሰው አላየሁም» አለ። እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

የአባቷን ሸክላ ሲያስቀምጥላት መቀስ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች። እሱ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጎኗ ቆመ፤ ካለቀም በኋላ ትንሽ ቆመ። ሰው ዝም ብሎ አጠገቧ ሲቆም ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ የሱ ቀን ሆነ። በአምስተኛው እሁድ አንድ ሸክላ በብብቱ ይዞ መጣ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከአንድ ዘፋኝ ኋላ አኮርዲዮን ተጫውቼ ነበር። የተቀዳሁት ያኔ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ለሰውም ሰጥቼ አላውቅም።» ይህን የነገራት ጫማውን እያየ ነው።

ሊሄድ ሲል የማጫወቻውን ክንድ ጫፍ በማጉያ መነጽር አየና ራሱን ነቀነቀ። «መርፌው አልቋል። መርፌው ሳይቀየር የኔን እንዳታስቀምጪበት፤ እሺ?»

እህቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ወንድሜ፣ ለሷ ስለ መርፌ ይነገራል? መርፌ እኮ ነው ጡት ያጠባት!»

ሦስቱም ሳቁ። «የምን መርፌ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃው ጊዜ ያቺው የሳቅ ጊዜ ነበረች። መቀስ ያቺን ጊዜ በሳቅ አሳለፈቻት።

እሱ ሌላ መርፌ አዝዞ ኖሯል። ሊነግራት አስቦ በሳቁ መሐል ረሳው። እሷ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነገሩን አሰላችው፦ «ሳይቀየር» ነው ያለኝ፤ ከተቀየረማ ይቻላል። መሳቢያዋ በመርፌ የተሞላ ሴት መርፌ ለምና ልትቀይር ነው? አሥራ አራት ቁጥር መረጠች፤ ለጂንስም ለመጋረጃም የሚሆነው ጠንካራው እሱ ነው። በጉጠት ቆረጠችው፤ አሮጌውን ነቅላ አዲሱን በማጣበቂያ ተከለችው።

ሸክላው ዘፈነ! ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ቀጠን ይበል እንጂ ዘፈነ። ከዘፋኙ ኋላ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አኮርዲዮን ይስባል። መሐሉ ላይ አኮርዲዮኑ ደንቀፍ ብሎ እንደ ሰው ትንፋሽ የሚውጥበት ቦታ ነበር። እዚያ ሲደርስ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ታቆማለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እንዲህ አለፉ። ሐሙስ ድምፁ ሁሉ «ሽሽሽ» ብቻ ሆነ።

አንሥታ አየችው። በጥቁሩ ላይ ክብ ክብ ነጭ መንገድ ወጥቷል፤ የመርፌው ሥር ላይ እንደ ከሰል ትቢያ ያለ ተከምሯል። አቧራ ነው ብላ ጠረገችው። ጨርቁ ጠቆረ፤ ነጩ መንገድ ግን አልጠፋም። ደግማ ጠረገችው።

ያኔ ገባት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ በሩን ቢያንኳኳ አልከፈተችም።

ሸክላው ተሰብሮ ገል ቢሆን ይሻላት ነበር፤ «ወደቀብኝ» ይባላል። ይሄ ግን በመርፌ፣ ያውም በሷ መርፌ ነው። ከአሥራ አንዱ የአባቷ ሸክላ ሥር ደበቀችው። ጠጋኙ በመንገድ ሲያልፍ የወደቀባትን ስፒል የምትፈልግ መስላ መኪናዋ ሥር ታጎነብሳለች። በሦስት ቀን ስንት ስፒል እንደፈለገች እሷ ናት የምታውቀው።

እሁድ መጣ። በሩ ላይ ቆማ አላስገባ አለችው።

«ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ ጊዜ ይምጡ።»

«"ይምጡ"?» አለ።

የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ትንሽ ጠበቃትና «እሺ» አለ። ሲሄድ ጀርባውን እስከ ጥጉ አየችው፤ እንደ ሌላው ጊዜ ዞር አላለም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እህቷ ክብሪት ሣጥን የምታክል ካርቶን ይዛ ገባች።

«መርፌሽ መጥቷል ብሎ ነው። ራሱ አልመጣም። አንቺ ሴትዮ፣ ምን ቢያደርግሽ ነው ሰውዬውን "እርስዎ" ያልሽው? ከስቷል እኮ።»

«ይክሳ።»

«ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ሸክላዬን ሰምታ ነው የሸሸችኝ። አጨዋወቴ አሳፍሯት ነው። ድሮም ለሰው ማሰማት አልነበረብኝም" አለኝ።»

የመቀስ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። የራሱ ሐፍረት አንሶ እሱ የሷንም ተሸክሞላት ነበር። ያን ያህል ቀን ሲያንቃት የቆየውን ነገር እህቷ ሳታውቀው በሁለት ቃል በጠሰችው።

ካርቶኑን ከፈተች። ውስጡ ያለው መርፌ የጉንዳን እግር አያክልም። መርፌ ሲባል ሠላሳ ዓመት የምታውቀው ነገር አይደለም። ትክ ብላ ስታየው ቆየችና ከሸክላዎቹ ሥር የደበቀችውን አወጣች፤ ከማጫወቻውም የሷን ቁራጭ ነቀለች።

እህቷ «ወዴት ነው?» አለቻት።

«ልዋረድ!»

በዚያ በጠራራ ፀሐይ ሦስቱን በር አለፈች። አሁን ጨርቅ አልጣለችበትም።

ጠጋኙ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። እሷ ቁራጩን ብረት የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አጠገቡ ሸክላውን አስቀመጠች። ከመንገድ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት።

«አላውቅም ነበር» አለች።

ብረቱን አንሥቶ አየው። «ይሄ የስፌት መኪና መርፌ ነው።»

«አሥራ አራት ቁጥር» አለች። ቁጥሩን ለምን እንደጨመረችው ለራሷም አልገባትም።

አልሳቀም። ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘው፤ ነጩን መንገድ በጣቱ ተከተለው። መቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«አልዋሽሽም» አለ በመጨረሻ፤ «ከፍቶኛል።»

«ይክፋህ። ተሳደብ። "እርስዎ" ያልኩህ ንቄህ አይደለም። ዓይንህን የማይበት ዓይን አጥቼ ነው።»

«ስንት ጊዜ አጫወትሽው?»

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት? አንድ ሸክላ?»

«የወደድኩትን እቆጥራለሁ።»

ተቀመጠ። እጆቹን አያቸው። «መሐሉ ላይ ጣቴ ስቷል» አለ። «ዘፋኙ በሰው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮርዲዮን አልነካሁም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እሱን ሰምተሽ አፍረሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«የቱን ነው?»

ተነሥቶ ሸክላውን የራሱ ማጫወቻ ላይ አስቀመጠው። ደህናው መርፌ ወረደ። «ሽሽሽ» አለ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ዘፋኙ የለም፤ ከበሮው የለም። ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ድንገት ከዝናቡ መሐል አኮርዲዮኑ ብቅ አለ፤ ደንቀፍ አለ፤ ትንፋሹን ዋጠና ተመልሶ ጠፋ።

ጠጋኙ አፉን ይዞ ቀረ። «ከሁሉ እሱ ተረፈ?»

መቀስ ሳቋን በመዳፏ ልታፍን ሞከረች፤ በዓይኗ ወጣባት። «ይሄ ነው ስሕተትህ? እኔ እኮ እሷ ጋ ለመድረስ ነው ሌላውን ሁሉ የማዳምጠው!»

አያት። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ደጅ ያለ ሰው ዞሮ እስኪያይ።

ሳቁ ሲበርድ «አኮርዲዮኑስ የት ነው?» አለችው።

«ቁም ሣጥን ላይ። የሚለጠጠው እጥፋቱ ተቀዷል። ቆዳ ነው።»

«ቆዳ? እሱን እኔ አንድ ከሰዓት ነው የም...» አለችና አቋረጠች። ምላሷን በጥርሷ ያዘች፤ እሱ ብሎን ሲፈታ እንደሚያደርገው። «ማለቴ... እንዴት እንደሚሰፋ አላውቅም። አሳየኝ።»

በአንድ ቀን ሁለተኛዋ «አላውቅም» ናት። ይቺኛዋ ከፊተኛዋ ቀለለች።

«ካሳየሁሽ በኋላስ?» አለ ጠጋኙ፤ ድምፁ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ዝቅ ብሎ። «በየእሁዱ መመላለሱ ይቅርና አንድ ቤት እንግባ ብልሽ፣ እሱንም አላውቅም ልትዪኝ ነው?»

መቀስ አሥራ አራት ቁጥሯን ከጠረጴዛው አንሥታ ደረቷ ላይ፣ ስፒል በምትሰካበት ቦታ ሰካችው።

«እሱን እንኳን» አለች፣ «ቀዩን ሻንጣ ተሸክሜ ከመጣሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»