ሁለተኛው ፊርማ

አስተማሪ እንድርያስ ዓርብ ጠዋት ንጹሁ ክፍል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ በነጭ ለብሶ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ከጳውሎስ ወደ ላይ፣ ከቁስቋም ዳገት ሥር ያለው ይህ ኮሌጅ ልጆችን ለክትባትና ለመድኃኒት ፋብሪካ ሥራ ያሠለጥናል። ንጹሁ ክፍል ደግሞ የአቧራ ብናኝ የማይገባበት፣ ሰው ፀጉሩንና ላቡን በልብስ ሸፍኖ የሚገባበት የልምምድ ቦታ ነው። ሟቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያስለቅስ የኖረው በዚህ ክፍል ሕግ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚወደው ሰው አልነበረም። ሬሳው አጠገብ ከቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እንኳ «ነፍስ ይማር» አላለም።

«ተንሸራቶ ነው» አለ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አቶ ወልዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ወለሉ እርጥብ ነበር።»

ኢንስፔክተር ጸሐይ አጭር ሴት ናት፤ ሰው ሲዋሽ የምትሰማው በትዕግሥት ነው፣ ትዕግሥቷ ግን አያስደስትም። ተንበርክካ ሟቹ ራስ ላይ ያለውን ቆብ በጣቷ ገለጥ አደረገችና አየች።

«ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ ደም የለም። ቆቡ በውስጡ በኩል ደም ነክቶታል፣ ከውጭ ግን የመመታት ምልክት የለበትም። ሰውየው ሌላ ቦታ ባዶ ራሱን ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው ይህን ልብስ የለበሰው። ያለበሰው ደግሞ ገዳዩ ነው።»

አቶ ወልዱ ቃሉን ለመገልበጥ ጊዜ አልፈጀበትም። «እንግዲያው ሃዊ ናት! ትናንት ፈተና ሲጥላት በሰው ፊት 'እገድልሃለሁ' ብላዋለች። ያልሰማ የለም!»

ከጸሐይ ጋር የመጣው ኮንስታብል እግረ ፈጣን ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሃዊን በካቴና ይዟት መጣ። ጸሐይ ግን ገና ሬሳው ላይ ነበረች። የቆቡ ረጅም አንገት ከቱታው በላይ ትከሻው ላይ ተንዘርፍፏል። በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ሃዊ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ምላሷ ግን አልፈራም።

«ብዬዋለሁ! አሁንም ቢነሳ እለዋለሁ!»

«ለምን ጣለሽ?»

«ስለብስ እጅጌዬ ወለል ነካ። አንዴ! በቃ ለዚህ! ሰኞ የፋብሪካው ሰዎች አሥራ ሁለታችንን ሊቀጥሩ ይመጣሉ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ታክሲ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤት ያለው ሁሉ እኔን ጠባቂ ነው።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«ቀጨኔ፣ ቤቴ፣ ተሸፋፍኜ ሳለቅስ። ማንም አላየኝም፤ ጻፊው!»

«አለባበሱን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየቻት። ከዚያ በካቴና የታሰረ እጇን ወደ ራሷ አነሳች። «መጀመሪያ ቆብ። ከዚያ ቱታ፤ የቆቡ አንገት ቱታው ውስጥ ይገባና ዚፑ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ የቱታው እግር ቦቲው ውስጥ። ከራስ የሚረግፈው ሁሉ ውስጥ እንዲቀር ነው። በሕልሜም እለብሰዋለሁ።»

ጸሐይ ቀጥላ ወደ እጥበት ክፍሉ ሄደች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ልብሶቹን አጣቢና አጣፊ ናቸው፤ ፖሊስም አያስደነግጣቸውም።

«እትዬ፣ ሟቹን ይወዱት ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! 'ማተብሽን ካልፈታሽ ክፍሉ አትገቢም' አለኝ። ማተቤን ከምፈታ አንገቴን ብሰጥ ይሻለኛል አልኩት። ይኸው ሦስት ዓመት ውስጡን ሳላየው ከደጅ ቀረሁ። ጠልቼዋለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ! ሰው ግን አልገድልም።»

«እንዴት ነው የሚያጥፉት?»

«በአለባበሱ ተራ ነዋ። ቆቡ ከላይ፣ ቱታው ቀጥሎ፣ ቦቲው ከሥር። ካዛባሁ ሟቹ መልሶ ይወረውርብኝ ነበር።»

«በሳምንት የማን የማን ልብስ ይመጣልዎታል?»

«የአሥራ ሁለቱ ልጆች፣ የሟቹና የቶሎሳ። አሥራ አራት። በጣቴ ቆጥሬ ነው የምረከበው።»

ቶሎሳ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ ነው። የልምምዱን መዝገብ አቀበላት። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፊርማ አለው፤ አንዱ የሠራው፣ ሁለተኛው አጠገቡ ቆሞ በዓይኑ ያየው።

«ሁለተኛው ፊርማ የማን ነው?»

«የአቶ ወልዱ።»

«ሁልጊዜ?»

«እ... ሁልጊዜ።»

«ገጹ ከስድሳ ወደ ስድሳ ሦስት ይዘላል። ቁጥር የታተመበት ሲገነጠል እንዲታወቅ አይደለም?»

«ነው።»

«ማን ገነጠለው?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጆች አሉኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ልጆች አሉህ ወይ አላልኩህም» አለችው። መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች።

አቶ ወልዱን ያገኘችው ቢሮው ነው። «እርስዎ ንጹሁን ክፍል ይገባሉ?» ስትለው ከት ብሎ ሳቀ።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! በየሳምንቱ። ክፍሉን የመሠረትኩት እኔ ነኝ እኮ፣ እመቤቴ!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰዎች ወደ ልብስ መልበሻው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሃዊ ከኮንስታብሉ ጋር ጥግ ላይ ቆማለች።

«ሬሳው የነበረበትን አብረን ገብተን እናያለን። ልበሱ» አለች ጸሐይ።

«እኔ ማተብ አለኝ!» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ እትዬ።»

ቶሎሳ ቆቡን አጠለቀ፤ ቱታውን ለበሰ፤ የቆቡን አንገት ወደ ውስጥ ከቶ ዚፑን ዘጋ። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር፣ እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። አቶ ወልዱም ጥቅሉን ፈታ፤ ከላይ ያለውን ቆብ አግዳሚው ላይ ወርውሮ ቱታውን ለበሰ፤ እስከ አገጩ ዘጋው። ከዚያ ቆቡን ደፋ፤ አንገቱ ትከሻው ላይ ተንዘረፈፈ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ «በስመ አብ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«ምነው?» አለ አቶ ወልዱ።

ጸሐይ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችው። «ሟቹን ያለበሰው ሰው እንድርያስ ሥራ ላይ ሳለ የወደቀ እንዲመስል ፈልጓል። ስለዚህ የሚያውቅ ቢሆን አስተካክሎ ያለብሰው ነበር። ሃዊ ታውቃለች፣ ካቴና አድርጋ እንኳ አልተሳሳተችም። ቶሎሳ ያውቃል፣ አሁን አያችሁት። እትዬ ለብሰው ባያውቁም ተራውን በየቀኑ ያጥፉታል። የማያውቀው አንድ ሰው ነው።»

«ቸኩዬ ነው! ሰው ቸኩሎ አይሳሳትም?»

«በየሳምንቱ እገባለሁ ብለውኛል። ልብስዎ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልታጠበም። የሚታጠበው የአሥራ አራት ሰው ልብስ ነው፤ እርስዎ አሥራ አምስተኛ ነዎት።»

አቶ ወልዱ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ሳላይ ፈርሜያለሁ። ያላዩትን መፈረም ግድያ ነው?»

«አይደለም። የተገነጠለው ገጽ ላይ ግን ምን ነበር?» ዞራ ቶሎሳን አየችው። «አንድ ልጅ እስር ቤት ልትገባ ነው፣ ቶሎሳ። እስቲ ዝም በል አሁንም!»

ቶሎሳ ቆቡን ከራሱ ላይ ነጠቀ። «ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንድርያስ በዚያ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ የአቶ ወልዱ ፊርማ ጎን 'በክፍሉ አልነበረም' ብሎ ጻፈ። 'ሰኞ ለፋብሪካው ሰዎች አሳያለሁ' ብሎ መዝገቡን ይዞ ቢሯቸው ገባ። ሲጯጯሁ ሰማሁ። ከዚያ እሳቸው ብቻቸውን ወጥተው የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝና 'ሂድ ቤትህ' አሉኝ። መዝገቡን ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ፤ ገጹ አልነበረም።»

«አንተ ውሻ!» አቶ ወልዱ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «በየሳምንቱ መዝገቡን ቢሮዬ ድረስ ያመጣህልኝ አንተ አይደለህም? ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ያ ትዕቢተኛ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊያፈርሰው! ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ዋንጫ እጄ ገባ፣ አንዴ ነው የመታሁት! አንዴ!»

ኮንስታብሉ ካቴናውን ከሃዊ እጅ አውልቆ አቶ ወልዱ እጅ ላይ አጠለቀው፤ ከነነጭ ልብሱ ይዞት ወጣ።

ሃዊ አንጓዋን እያሸች ጸሐይን አየቻት። «ሰኞስ? እንደገና ብፈተን... ማለቴ፣ ፋብሪካው ይወስደኛል?»

ጸሐይ ነገር ማጣፈጥ አትችልበትም። «የአሥራ ሁለታችሁም ሥልጠና ምስክሩ ሳያይ የፈረመው የአቶ ወልዱ ፊርማ ነው። ፋብሪካው ማንንም አይወስድም።»

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ሦስት ዓመት። ጠዋት በካቴና ሲያመጧት ያላለቀሰችው አሁን አለቀሰች።

«አይዞሽ ሃዊ» አለ ቶሎሳ ጠጋ ብሎ። «ከመጀመሪያው ጀምሬ እኔ አሠለጥናችኋለሁ። ሁለተኛውን ፊርማ እኔ እያየሁ እፈርማለሁ።»

ሃዊ ቀና አለች። «አንተ? በካቴና ሲያመጡኝ በሩ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር እኮ! ሁሉን እያወቅክ! አሁን ያየሁትን እመሰክራለሁ ብትል ማን ያምንሃል?»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቶሎሳ ወለል ላይ የጣለውን ቆብ አነሱ። ሃዊ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ለአባቷ ምን እንደምትለው ሳታውቅ የቀጨኔን መንገድ ያዘች።