አረንጓዴው ቺፕስ

«አሁንም እየዞረ ነው፣ አይከፍትም!» አለች የክፍል አለቃዋ ፔይሻን፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እያሳየች። ነገ የትምህርት ቤቱ ባዛር ነው፤ የክፍላቸው የሻይ ማዘዣ ድረ-ገጽ ግን ልጆቹ አንድ ላይ ሲከፍቱት ቀጥ ይላል።

ሁሉም ዞረው ጓንቲንግ ላይ አፈጠጡ። ኮምፒውተሩ አናት ላይ የነበረውን አረንጓዴ ቺፕስ የበላው እሱ ነዋ! አረንጓዴ ቺፕስ ያልተቀመጠለት ማሽን እንደሚያምፅ በታይናን ከተማ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

«ርቦኝ ነበር» አለ ጓንቲንግ።

«ሆዳም! ነገ ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ታጥባለህ» አለች ፔይሻን።

«ባዛሩ ላይ የምመታው ከበሮስ?»

«ሌላ ሰው ይመታዋል።»

ክረምቱን ሙሉ ሲለማመድ የከረመው ልጅ አንገቱን ደፋ። ዩንሩም ከሌሎቹ ጋር ሳቀችበት። ድረ-ገጹን የጻፈችው እሷ ናት፤ በተለይ በአንዲት መስመር ትኮራለች። «ሱቁ ክፍት ከሆነ የሻዩን ዓይነት፣ ከተዘጋ የቀኑን ሽያጭ ድምር አሳይ» የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ፈንክሽን፣ በአንድ አጭር የኮድ ቀመር፣ ጠቅልላዋለች። መምህር ሊን እንኳ አድንቀውላታል።

ከምሳ በኋላ የሻይ ልምምድ ሆነ። መምህር ሊን ደንበኛ ሆነው ቀረቡ።

«ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» አለ ጓንቲንግ፤ መልሳቸውን ሳይጠብቅ ሁለቱንም ቀዳ።

«ቀዝቃዛ።»

ሙቁን ደፋው።

«አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስማ፣ ከዚያ ቅዳ!» መምህሩ በሳቅ ፈረሱ።

ዩንሩ ግን ክው አለች። የእሷ ፈንክሽንም የሚሠራው ይህንኑ ነው! ሁለቱንም መልሶች አዘጋጅቶ ሲያበቃ ነው አንዱን የሚመርጠው። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ማንም ያልጠየቀው የሽያጭ ድምር ይሰላል፣ ከዚያም ይደፋል።

ሮጣ ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የምትኮራባትን መስመር አጥፍታ፣ እንደ ማንኛውም ሰው በረጅሙ ጻፈችው፤ መጀመሪያ ሱቁ መከፈቱን ይጠይቃል፣ ከዚያ የተፈለገውን ብቻ ይሠራል። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ከደስታዋ ብዛት ብቻዋን ጨፈረች።

ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ፔይሻን አዲስ ቺፕስ ገዝታ ኖሮ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠችና ስልኳን ሞከረች።

«ሠራ! አላልኳችሁም? ጓንቲንግ፣ ሆድህ ጉድ ሊያደርገን ነበር!»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ዩንሩ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጓንቲንግ ጥግ ላይ ሆኖ የከበሮ ዱላዎቹን ወደ ቦርሳው ሲከት አየችው።

ተነሣችና ቺፕሱን አውርዳ ቀደደችው።

«አበድሽ እንዴ?» ፔይሻን ጮኸች።

«እስቲ ገጹን ክፈቱት» አለች ዩንሩ፣ እያላመጠች።

ሁሉም በየስልካቸው አንድ ላይ ከፈቱት። አሁንም ፈጣን ነው።

«ያዘገየው የእኔ መስመር ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ። ብርጭቆውንም እኔ አጥባለሁ።» ቺፕሱን ለጓንቲንግ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ብላ። ነገ ለከበሮው ጉልበት ያስፈልግሃል።»

ጓንቲንግ ኮምፒውተሩን በጎን አየት አደረገው። ከዚያ ሙሉ እፍኝ ዘገነ።