የተቆለፈው መደርደሪያ አንባቢዎች

ተረት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን የደረሰባትን ሰው አውቃታለሁ...

ታላቅ እህቴ ናት። ስትነግረኝ አንዴም ቀና ብላ ዓይኔን አላየችም።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይ ፍንትው ብላለች። ቦታው የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው።

እህቴ እዚያ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ልጆቹ በሌለችበት «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ወደው አይደለም። አዳዲሶቹን የተረት መጻሕፍት ባለመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ቆልፋባቸው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው።

«ለእነዚህ ከሰጠኋቸው በሳምንቱ ብጥስጥሱን ነው የሚያወጡት» ትላለች።

ክፋት አይደለም። መጽሐፍ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትሳሳለት።

ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤቱ እንግዶች መጡበት። ርዕሰ መምህሩ «ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሲያነቡ ይታዩ» ብሎ አዘዛት። እሷም ንጹሕ ንጹሖቹን ልጆች መርጣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠች፣ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አውጥታ አደለቻቸው። ፎቶ ተነሱ።

ከእንግዶቹ አንዷ በርከክ ብላ አንዲት ጥርሰ ወላቃ የሁለተኛ ክፍል ልጅን ጠየቀቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ከሁሉም የትኛውን መጽሐፍ ትወጃለሽ?»

ልጅቷ አሰብ አደረገችና...

«የሚከፈተውን።»

እንግዶቹ ሁሉ ሳቁ። የእህቴ ፊት ግን ፍም መሰለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

እንግዶቹ ሲወጡ ንዴቷን በልጅቷ ላይ ተወጣችው። መጽሐፉን ከእጇ መነጨቀቻት።

«እትዬ... ገና አልጨረስኩም። ቀበሮዋ ወንዙን ልትሻገር ነው እኮ...»

«ፎቶው አለቀ! ውጪ!»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ይሄ ነው እህቴን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጣት ያደረው።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ስፖርት ይሠራሉ። እህቴ ብቻዋን ተቀምጣ የተገነጠለ መጽሐፍ በሙጫ ትለጥፋለች።

ሹክሹክታ ሰማች።

ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ የልጅ ድምፅ...

«ቀ...በ...ሮ...ዋ... ወን...ዙን...»

ዝም አለ።

ከዚያ ብዙ ትንንሽ ድምፆች፣ አንድ ላይ...

«ከዚያስ?»

የሚያነበው ድምፅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና እዚያው ቃል ላይ ቆመ።

«ማነው እዚያ?»

ጠረጴዛ ሥር አየች፣ በር ጀርባ አየች። ማንም የለም። በመስኮት ብቅ ስትል ጥርሰ ወላቃዋ ሜዳው ላይ ገመድ ትዘላለች...

ድምፁ የሚመጣው ከተቆለፈው መደርደሪያ ነው።

ሽማግሌውን ዘበኛ ጠራችው። የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ጆሮውን አቀና።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ? ልጆቹን ለምን ቆለፍሽባቸው?»

«አባባ... ልጅ የለም እኮ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

እህቴ ወደ መደርደሪያው ጠቆመችው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ኋላ ኋላውን አፈገፈገ።

«እኔ የበር ዘበኛ ነኝ። የመደርደሪያ አይደለሁም!» ብሎ ውልቅ አለ።

መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አየች። ትንንሽ። በሻርፗ ጠረገችው። አልጠፋም። ጠበቅ አድርጋ ጠረገችው...

አሻራው ከውስጥ በኩል ነው።

ያኔ ነው ከውስጥ ሹክ ያላት...

«እትዬ... ፎቶው አለቀ?»

«ከፍርሃቱ ይልቅ የገደለኝ እፍረቱ ነው» አለችኝ እህቴ።

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መደርደሪያውን ከፈተችው። ድምፁ ቀጥ አለ። ውስጡ መጽሐፍ ብቻ ነው። የቀበሮዋን መጽሐፍ አነሳችው... አሁን ከጭን ላይ የተነሳ ይመስል ይሞቃል።

በቀጥታ ወደ ሜዳው ወጣች። በዚያ ሁሉ ልጅና መምህር ፊት፣ ጥርሰ ወላቃዋ ዘንድ ደርሳ ተንበረከከች።

«ትናንት በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። ነይ፣ አብረን እንጨርሰው።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት።

«ሌሎቹም ይምጡ?»

«ሁሉም ይምጡ።»

ቤተ መጻሕፍቱ ጢም አለ። እህቴ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቀበሮዋ ወንዙ መሃል ጅራቷን ዓሣ ሲጎትታት ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እህቴም ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ የልጅ ሳቅ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ገጽ ልትገልጥ ቀና ስትል አስተዋለች...

ልጆቹ ሁሉ ግድግዳውን ታከው፣ ተደራርበው ነው የተቀመጡት። የምንጣፉ መሃል ባዶ ነው።

«ለምን ወደ መሃል አትጠጉም? ሰፊ ቦታ አለ እኮ።»

ጥርሰ ወላቃዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እትዬ... ተይዟል።»

እህቴ ምንጣፉን አየችው። ለስላሳው ምንጣፍ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሏል... ልክ ልጅ እንደተቀመጠበት።

ማንበቧን ቀጠለች። ሌላ ምን ታድርግ?

ገጹን ገለጠች።

ጎድጎድ ያሉት ቦታዎች በሙሉ... አንድ ላይ... ወደ እሷ ትንሽ ጠጋ አሉ።