መርዶው ሳይነገር የደወለው ሰው

ይሄ የሆነ ነገር ነው። "ፈጠራ ነው" የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ከራሷ ከሙሉነሽ አፍ ነው የሰማሁት... ሙሉነሽ ደግሞ እንኳን ልትዋሽ አጋንና ስታወራም ሰምቻት አላውቅም።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2006፣ መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቦታው ዴንቨር ጥግ ያለችው አውሮራ፣ ሎውሪ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል አይደል? አይደለም... በጠራራ ፀሐይም ይመጣል።

ጠዋት ላይ ጋሽ ወልደየስ ፓርክ ሂል ካለው ቤታቸው ለሙሉነሽ ደወሉላት።

"ሙሉነሽ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ ጋሼ፣ ምነው በደህና?"

"እስቲ ቁጭ በይ..."

የእህታቸው ልጅ እንዳልክ ሞቷል። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሊነጋጋ ሲል ዋዮሚንግ ውስጥ ነፋስ መኪናውን ከድልድይ ላይ ገፍቶ ወንዝ ውስጥ ጣለው። አብሮት የሚነዳው ግዛው በመስኮት ወጣ። እንዳልክ አልወጣም።

ፖሊሶቹ የሄዱት ጋሽ ወልደየስ ቤት ነው። እንዳልክ ላይሰንሱ ላይ የድሮ አድራሻውን አልቀየረም ነበር። ከዚያ ሚስቱ ጋ ሄደው ሊነግሯት ሲነሱ፣ ጋሽ ወልደየስ "እባካችሁ፣ በእኛ ወግ እንዲህ አይነገርም" ብለው ለምነው አስቀሯቸው።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ከቄሱ ጋር መጥተን እናረዳታለን" አሏት ለሙሉነሽ። "ዛሬ አንቺ አብረሻት ዋዪ፣ እዚያው እደሪ። እህል አስቀምሻት። ስልኩን ንቀይ፣ አንዱ ቀላል ደውሎ እንዳያፈርጠው። ደግሞ... አደራ፣ እንዳታለቅሺ።"

አደራ አሏት። አያችሁ?

ሙሉነሽ ለእንዳልክና ለሚስቱ ለወይንሸት አበልጅ ናት፤ የአራት ዓመቷን ሶሲን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ከወይንሸት ጋር አንድ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት። አንዷ ሲያስነጥሳት ሌላዋ "ይማርሽ" የምትል ናት። እንግዲህ "ደብቂ" የተባለችው እሷ ናት።

እኔን ብትጠይቁኝ ይሄ መርዶ አፍኖ ማዋል የሚባለው ነገር... ተውት፣ ሆድ ይፍጀው።

ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ሄደች።

ወይንሸት በሩን የከፈተችው እየሳቀች ነው።

"ነይ ነይ! አንቺን ነበር የፈለግኩት! ውይ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"አለርጂ ነው።"

"ይሄ ዴንቨር ይፈጀናል። ነይ ኮምፒውተሩ ጋ!"

ክሩዛቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከቴክሳስ በመርከብ ተነስተው፣ ኮዙሜል በምትባል የሜክሲኮ ደሴት ላይ ለአንድ ቀን ይወርዳሉ። ከተጋቡ ጀምሮ ቫኬሽን ወጥተው አያውቁም። እሱ መንገድ ላይ ነው፣ እሷ ሺፍት ላይ ናት። ሶሲ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

"የመርከቡን ቱር አንወስድም" አለች ወይንሸት። "የጥንት ፍርስራሽ ለማየት ግማሽ ቀን አውቶብስ ውስጥ? ሶሲ እኮ የኮልፋክስን መንገድ ሳንጨርስ ነው የምታስመልሰው! በራሳችን ነው የምንወርደው። ከወደቡ ታክሲ እንይዛለን፣ ከዚያ እዚህ..." ስክሪኑን ነካች። ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ይታያል። "ጥልቀት የለውም፣ ለሶሲ ጉልበቷ ድረስ ነው። ምሳ እዚያው እንበላለን። ብቻ በጊዜ መመለስ ነው፤ ካረፈድሽ መርከቡ ጥሎሽ ነው የሚሄደው አሉ!"

"ጥሩ ነው" አለች ሙሉነሽ።

"የሶሲን ስትሮለር እንያዝ ወይስ ይቅር?"

"አሸዋ ላይ... አይገፋም መሰለኝ።"

"እሱም እንደዚያ ነው ያለኝ! 'ምን ስትሮለር ያስፈልጋል፣ እኔ እሸከማታለሁ' አለ። ቃል ገብቶላታል እኮ። ቀኑን ሙሉ አላወርዳትም ብሏል። ወገቡን ሲይዘው አየዋለሁ!"

ሙሉነሽ ተነስታ ባኞ ቤት ገባች። ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ውሃውን ከፍታ ነው ያለቀሰችው፣ እንዳይሰማባት።

ስትወጣ ወይንሸት ምግብ ልታሞቅ ማድቤት ገብታለች። ሙሉነሽ የወይንሸትን ሞባይል አንስታ ባትሪውን አወጣችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሶፋው ኋላ ተንበርክካ የቤቱን ስልክ ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

ቀና ስትል ሶሲ ከፊቷ ቆማለች። የዋና ልብሷን ለብሳ፣ በላዩ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ አድርጋ። ከተገዛላት ጀምሮ አላወልቅም ብላለች።

"ሙሉዬ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?"

"ምንም የኔ ቆንጆ፣ ቁልፌ ወድቆብኝ ነው።"

ሶሲ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

"ዳዲ ኢዝ ኮልድ።"

"ምን አልሽ?"

"ሂ ኢዝ ዌት። ፎጣ ስጪው።"

በጣቷ የቤቱን በር አሳየቻት።

ሙሉነሽ ሄዳ ከፈተችው። ማንም የለም። ኮሪደሩ ጭር ብሏል።

በሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ግን ረጥቧል።

ጎንበስ ብላ ነካችው። የቀለጠ በረዶ ነው የሚመስለው፣ ጣቷን አደነዘዘው። ደግሞ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፣ የወንዝ ጭቃ።

"ማነው?" አለች ወይንሸት ከማድቤት።

"ማንም... ማንም የለም።"

በሩን ቆለፈችው። "በስመ አብ" አለች በሆዷ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነገር ይታየዋል ብላ ራሷን አጽናናች። ግን እሷ እኮ ሌሊቱን ደህና ነው የተኛችው።

ምሳ ቀረበ። ሙሉነሽ የታዘዘችውን ታስታውሳለች፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም።

"ብዪ እንጂ ወይኒ። በሞቴ አንድ ጉርሻ።"

"ምነው ዛሬ፣ ልታሳርጂኝ ነው እንዴ? ይልቅ ንገሪኝ፣ ታክሲው የልጅ መቀመጫ ባይኖረውስ? እሱ ደረቱ ላይ ያቅፋታል ብዬ ነው እንጂ..."

ያኔ ስልኩ ጮኸ።

የቤቱ ስልክ።

ሙሉነሽ ወደ ሶፋው ዞረች። ገመዱ እንደተነቀለ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ስልኩ ግን ይጮሃል...

"አታንሺው!" አለች።

ወይንሸት አንስታዋለች።

"ሄሎ?... እንዳልኬ! የት ደረስክ?"

ሙሉነሽ ጉርሻው እጇ ላይ ደረቀ።

"ድምፅህ ምን ሆኗል? ውሃ ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምታወራው?... ምን?... እውነትህን ነው? አሁን?"

ወይንሸት ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ፊቷ በራ።

"በጊዜ ገብቷል! አውሮራ ሬዘርቯር፣ ሐይቁ ዳር ነኝ ነው የሚለኝ። ሶሲን ይዘሻት ነይ፣ አሸዋው ላይ ልሸከማትና እንለማመድ አለ። እብድ እኮ ነው፣ በዚህ ብርድ!... እንቺ፣ አበልጄን አገናኚኝ ይላል።"

ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ የሶሲን ጫማ ልትፈልግ ሮጠች።

ሙሉነሽ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

መጀመሪያ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው። የሚወርድ ውሃ፣ ብዙ ውሃ...

"አበልጄ..."

እሱ ነው። የእንዳልክ ድምፅ ነው። ግን ቀስ ያለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

"እንዳትነግሪያት።"

"እንዳልክ..." አለች በሹክሹክታ።

"ገና አልተረዳችም። እሷ ካልተረዳች... እኔም ገና ነኝ።"

ውሃው ይወርዳል።

"ሶሲን ብቻ ስጪኝ። ቃል ገብቼላታለሁ... አንድ ቀን ብቻ ልሸከማት።"

ይሄን ስትነግረኝ ሙሉነሽ አለቀሰች። "ፈርቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። "እኔ ግን አሳዘነኝ። ልጁን አንድ ቀን እንኳን ሳይጠግባት የሄደ ሰው ነው።"

ስልኩን ዘጋችው።

ወይንሸት የመኪና ቁልፏን ይዛለች። ጃኬቷን ደርባለች። ሙሉነሽ የጋሽ ወልደየስ አደራ ጆሮዋ ላይ ይጮሃል። ነገ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከቄሱ ጋር...

"ወይኒ፣ አትሂጂ።"

"ለምን?"

"እንዳልክ... የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"ሞቷል። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል። ዋዮሚንግ፣ መኪናው ወንዝ ውስጥ ገብቶ... ሞቷል ወይኒ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ወይንሸት ሳቀች።

"ምን ነካሽ? አሁን አናገርሽው እኮ!"

ሙሉነሽ ጎንበስ ብላ የስልኩን ገመድ ከመሬት አነሳች። ጫፉን አሳየቻት።

ወይንሸት ገመዱን አየችው። ከዚያ የሙሉነሽን ዓይን አየች። አለርጂ አለመሆኑ ያኔ ነው የገባት። የሰው ፊት እንደዚያ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም ብላኛለች ሙሉነሽ።

ሁለቱም እንደዚያ ቆመው ነው ቀዝቃዛ አየር የነካቸው።

የተቆለፈው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ሶሲስ?" አለች ወይንሸት።

ሶሲ የለችም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት አያውቁም። ፓርኪንጉ ላይ ሲደርሱ አዩዋት። ከነላይፍ ጃኬቷ፣ በባዶ እግሯ፣ ወደ መንገዱ ትሄዳለች። አትሮጥም። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰቅላለች፣ ረጅም ሰው እጇን እንደያዛት ልጅ።

ቀና ብላ ታወራለች። ትስቃለች።

አስፋልቱ ደረቅ ነው። ከትንንሽ እግሮቿ ጎን ግን የትልቅ ጫማ እርጥብ ዱካ፣ አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊታቸው ይታተማል...

ሙሉነሽ ባለችበት ቀረች። ወይንሸት ግን ጮኸች።

"እንዳልክ!"

ዱካው ቆመ።

"ልቀቃት!... በእናትህ፣ ልጄን ተውልኝ!" አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። "ሰምቻለሁ እንዳልኬ... ነግረውኛል። ተውልኝ፣ እኔ እሸከማታለሁ!"

የሶሲ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

ልጅቷ ዙሪያዋን ፈለገች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

"ማሚ... ዋይ ዲድ ዩ የል አት ዳዲ? ለምን ጮህሽበት?"

የዚያን ምሽት ልቅሶ አልነግራችሁም፣ አቅሙም የለኝ። ወይንሸት ሶሲን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዝላ አላወርድም አለች። አራት ዓመት የሞላትን ልጅ! እንዳዘለቻት ቁጭ አለች፣ እንዳዘለቻት ነጋ።

ጎህ ሲቀድ እነ ጋሽ ወልደየስ ከቄሱ ጋር መጡ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሊጀምሩ ሲሉ የወይንሸትን የተበተነ ፀጉር አዩ። ወደ ሙሉነሽ ዞሩ።

"ነገርሻት?"

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን እሳቸውም አጎት ናቸው፣ ሆድ ብሷቸዋል። ግድግዳ ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቤቱ ሁሉ ተላቀሰ።

ትንሽ ጋብ ሲል ቄሱ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣

"ልጆቼ፣ ያንን ሰው ግን ለምን ብቻውን ተዋችሁት?" አሉ።

"የቱን ሰው አባ?"

"ታች ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚያለቅሰውን። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነው። ዘመድ መስሎኝ 'እግዚአብሔር ያጽናህ' ብዬ ትከሻውን ዳበስኩት፣ ቀናም አላለ። ልብሱ ርሷል..." እጃቸውን አሹ። "እስካሁን ጣቴ አልሞቀም።"

ወይንሸት ብድግ አለች። ሙሉነሽ ቀሚሷን ያዘቻት፣ አልቆመችላትም። ሶሲን እንዳዘለች ሄዳ በሩን ከፈተች።

"እንዳልኬ" አለች ወደ ታች፣ ከመንገድ ሲመጣ ሁልጊዜ በምትጠራው ድምፅ። "ብርድ ነው... ግባ።"

ከታች ሰው ሲነሳ ተሰማ። ውሃ የቋጠረ ጫማ ነው... ደረጃውን ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ።

ሶሲ ነቃች። በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ሁለት እጆቿን ወደ ደረጃው ዘረጋች።